የሚበላ አጥር

ጥር ሲጋመስ ከደሴ ወደ ሐይቅ የሚወርድ መንገደኛ ግራና ቀኙን ሲያይ ማሳው ሁሉ ባዶ ይመስለዋል። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ ከብቱ ቃርሚያው ላይ ተለቋል። ነገር ግን በየማሳው ጠርዝ፣ የአንዱ ገበሬ መሬት አልቆ የጎረቤቱ በሚጀምርበት ወሰን ላይ፣ ያልታጨደ ቀጭን መስመር አልፎ አልፎ ቆሞ ይታያል። ወገብ ይደርሳል። ደርቆ ቡናማ ሆኗል። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፉ ላይ የእንቁላል አስኳል የሚያህል እሾሃም ድብልብል ተሸክሟል። ከመኪና መስኮት ሲያዩት አረም ነው፤ ወርደው ሲጠጉት ሱፍ ነው።

እኔ ወርጄ የተጠጋሁት በንዴት ነው። አዲስ አበባ ቤቴ ውስጥ በኤሌክትሪክ መፍጫ የሠራሁት የሱፍ ፍትፍት ሦስት ጊዜ ተበላሽቶብኛል። መልኩ አመድ፣ ጣዕሙ መራራ፣ ጥርስ ሥር የሚንኮሻኮሽ። በሐይቅና በውጫሌ መካከል ባለች አንዲት የገጠር ቤት የቀረበልኝ ግን ነጭ ነበር። የላም ወተት ነው ቢሉኝ አምን ነበር። ዘሩ ያው፣ ውሃው ውሃ፣ ጨውም ጨው ነው። ልዩነቱ የት ላይ እንደገባ ለማወቅ ከሳህኑ ጀምሬ ወደ ኋላ ተጓዝኩ፤ ከሳህኑ ወደ ሻሹ፣ ከሻሹ ወደ ሙቀጫው፣ ከሙቀጫው ወደ አውድማው። በመጨረሻ የደረስኩት እዚህ ወሰን ላይ ነው።

ሱፍ ለብቻው ማሳ ተሰጥቶት ይዘራል፤ ጤፍ ውስጥ ጣል ጣል ተደርጎም ይበቅላል። ዓይኔን የያዘው ግን በጠርዝ የሚዘራው ነው። ምክንያቱ እሾሁ ነው። ላም የሱፍ መስመር ደፍራ አታልፍም። ማሳ አቋርጦ መንገድ ማሳጠር የለመደ ሰውም አንድ ጊዜ ባቱን ከተወጋ በሌላ ቀን በዙሪያው ይሄዳል። የግራር አጥር ማጠር ማለት ግራር መቁረጥ፣ መጎተት፣ በየዓመቱ ማደስ ማለት ነው፤ የተቆረጠው ግራር ደግሞ ተመልሶ እስኪያድግ ዓመታት ይፈጃል። የሱፍ አጥር ከመሬቱ ራሱ ይወጣል፣ ጤፉ እስኪታጨድ ዘብ ይቆማል፣ ዘብነቱን ሲጨርስ ታጭዶ ይበላል። ይህን የፈለሰፈው ገበሬ ስሙ የትም አልተጻፈም። እኔ ብሆን ሐውልት አቆምለት ነበር።

ነገሩ ሲጠጉት ይረቃል። ሱፍ ሲበቅል እሾህ የለውም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቅጠሉን እንደ ጎመን ዘርግቶ መሬት ላይ ተለጥፎ ይቀመጣል። ያላደገ ይመስላል እንጂ እያደገ ያለው ወደ ታች ነው። ዋና ሥሩ ሲጎለምስ እስከ 2 ሜትር፣ አፈሩ ከፈቀደለትም ከዚያ በላይ ይወርዳል። በዚህ ለስላሳ ዕድሜው ግን ጥጃ ቢያገኘው እንደማንኛውም ቅጠል ይግጠዋል። እሾሁ የሚመጣው ግንዱ ተነሥቶ ቅርንጫፍ ሲያወጣ ነው፤ ያን ጊዜ የቅጠሉ ጠርዝ ይጠነክራል፣ ይሾላል፣ በእምቡጡ ዙሪያም እንደ ጦር ይደረደራል። ስለዚህ ገበሬው ሁለት ዕድሜ ማጣጣም አለበት፤ ጤፉ ከብት የሚያስጎመጅ ቁመት ላይ ሲደርስ ሱፉ እሾሁን አውጥቶ መገኘት ይኖርበታል። አጥሩ አጥር እስኪሆን ድረስ ደግሞ እረኛ ያስፈልገዋል።

የሚጣጣም ሦስተኛ ነገርም አለ፤ ዝናቡ። የሱፍ አበባ ዝናብ አይወድም። ሲያብብ ከዘነበበት ቅጠሉን በሽታ ይመታዋል፣ ድብልብሉ ራስም ይበሰብሳል፤ ውሃ በተኛበት መሬት ላይም ሥሩ ይታፈናል። ሥሩ ጥልቅ ስለሆነ ግን ከክረምቱ የተረፈው የምድር እርጥበት ይበቃዋል። እንግዲህ የሱፍ ዘሪ ዝናቡ ሥሩን እንዲያገኝ፣ አበባውን ግን እንዳያገኝ አድርጎ መቁጠር አለበት። በዚሁ አካባቢ ያሉትን የአምባሰል የድንጋይ እርከኖች ያየ ሰው ጠርዝ ላይ መዝራት ለምን እንደሚመች ይገባዋል፤ የእርከን ጠርዝ ውሃ አያቁርም፣ ወሰን ነው፣ ፀሐይም አይጎድልበትም።

መራራቁም ልክ አለው። ጤፍ ላይ ላዩን ይበተናል፤ የሱፍ ፍሬ ግን ገባ ብሎ አፈር መልበስ ይፈልጋል። ቢቀራረብ ግንዱ ይቀጥንና ቅርንጫፍ ይነሣዋል፣ ራሱም ያንሳል። ቢራራቅ ቅርንጫፉ ይንሰራፋል፣ ራሱ ይበዛል፣ ፍየል የምታልፍበት ቀዳዳ ግን ይቀራል። እኔ ያየሁት መስመር በሁለቱ መካከል ነበር፤ የአንዱ ተክል ቅርንጫፍ የጎረቤቱን ጫፍ ነክቶ ይቆማል እንጂ አይገባበትም። በእርምጃ ልለካው ሞክሬ ሱሪዬ ተያዘ። አጥሩ ይሠራል።

አበባውን ያየሁት በሌላ ጊዜ ነው፤ እሱን በአጉሊ መነጽር ማየት ያስፈልጋል። አንድ የሱፍ አበባ የምንለው አንድ አበባ አይደለም። ድብልብሉ ራስ ውስጥ ከ20 እስከ 180 የሚደርሱ ክር መሰል አበቦች ጎን ለጎን ተተክለዋል፤ እያንዳንዷ ለብቻዋ ሙሉ አበባ ናት፣ ጫፏ ላይ አምስት ምላስ አላት። የሚፈነዱት ከዳር ወደ መሃል በተራ ነው፤ አንድ ራስ አብቦ እስኪጨርስ ከ3 እስከ 5 ቀን ይወስዳል። በእያንዳንዷ ውስጥ የወንዴ ብናኝ የያዘ ቀጭን ቱቦ አለ። የሴቴው ዘንግ ከሥር ተነሥቶ በቱቦው ውስጥ ወደ ላይ ሲወጣ ብናኙን እየጠረገ ይወጣል፤ የጠብመንጃ አፈሙዝ እንደሚወለወልበት ዘንግ። ንብ ባትመጣም ሥራው አይቆምም፤ ብትመጣ ደግሞ ይሻላል፣ የአምባሰል ንብ ደግሞ አትሰንፍም።

ይህ አሠራር የቤተሰቡ ነው። ሳይንስ አስተራሴ በሚለው ሰፊ ነገድ ውስጥ ሱፍ ከአደይ አበባ፣ ከኑግ፣ ጋን ከሚታጠብበት ግራዋ፣ ወሎዬ ቡና ሲያፈላ ሽታውን ከሚወደው አሪቲ፣ ከሰላጣም ጋር ዘመድ ነው። በእሾሁ የሚቀርበው ግን በየገደሉ ሰው የሚፈራው ኮሸሽላ ነው። ዘመዶቹ ሁሉ ብዙ ትንንሽ አበቦችን አስተባብረው አንድ ትልቅ አበባ መስለው ይታያሉ። ሱፍ ሲፈነዳ ቢጫ ነው፤ ሲውል ሲያድር ብርቱካንማ ይሆናል፤ ሲጠወልግ ይቀላል። ስለዚህ አንድ መስመር ላይ ቆሞ የትኛው ራስ ትናንት፣ የትኛው ከትናንት ወዲያ እንደፈነዳ በቀለሙ ብቻ መናገር ይቻላል።

ዓለም ሱፍን ያወቀው በዚህ ቀለም ነው። አበባው ሁለት ቀለም በአንድ ላይ ይዟል፤ ቢጫው በውሃ ይለቃል፣ ቀዩ ግን በውሃ አይለቅም። ቀዩን የፈለገ ሰው ቢጫው እስኪያልቅ አበባውን ደጋግሞ ያጥባል፣ ከዚያ በአመድ ውሃ ይዘፈዝፋል፣ በመጨረሻ ጎምዛዛ ነገር ጨምሮ ቀዩን ጨርቅ ላይ ያሳርፋል። የሚያገኘው ቀይ ከአበባው ክብደት ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። የጥንት ግብጾች የሙታናቸውን መጠቅለያ አቅልመውበታል፤ በ1915 ዓ.ም. በተከፈተው የቱታንካሙን መቃብር ውስጥም የሱፍ ፍሬ ተገኝቷል። ጃፓኖች በያማጋታ አውራጃ እስከ ዛሬ ለሐር ጨርቅና ለከንፈር ቀለም ያበቅሉታል። እኛ አበባውን አንቀጥፍም፤ ጉዳያችን ፍሬው ነው። በ1919 ዓ.ም. ኢትዮጵያን የጎበኘው ሩሲያዊው የእህል ዘር ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ አገራችንን ከሱፍ መነሻዎች መካከል ቆጥሯት ነበር። በኋላ የመጣው የዘረመል ጥናት መነሻውን ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ወስዶታል። ይሁን እንጂ የሱፍ ተመራማሪው ፓውልደን ኖውልስ በ1969 እ.ኤ.አ. የዓለምን ሱፎች በመልክና በጠባይ ሲከፋፍል ለኢትዮጵያ የራሷን ክፍል ሰጥቷታል። መነሻው የት ይሁን የት፣ እዚህ ከመጣ በኋላ የእኛን ጠባይ ለምዷል ማለት ነው።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ላንሣ። ሱፍ ስንል ሦስት ነገር እንላለን፤ ይህን እሾሃም ተክል፣ ከበግ ጸጉር የተሠራውን ጨርቅና ከሱ የተሰፋውን የሙሽራ ልብስ፣ በሦስተኛም ሰፌድ የሚያህለውን ቢጫ አበባ። ሦስተኛው የፈረንጅ ሱፍ ነው፤ አገሩ ሰሜን አሜሪካ ነው። ሱቅ ውስጥ «የሱፍ ዘይት» ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጠው የእሱ ነው እንጂ የኛ ሱፍ አይደለም። ውጫሌ የአምባሰል ከተማ ናት፤ እዚያ በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛና በጣሊያንኛ ስለተለያየ አገር ጦር ሰብቋል። በሱፍ ስም ግን እስካሁን የተጣላ የለም። ትንሽ መጣላት ይገባን ነበር እላለሁ፤ ስሙን የወሰደው እንግዳ ባለቤቱን ከሱቅ አስወጥቶታልና።

አጨዳው ማለዳ ነው፣ ፀሐይ ሳትከር። ሌሊት የወረደው ጤዛ እሾሁን ለጊዜው ያለዝበዋል፤ ረፋዱ ላይ ግን መርፌ ይሆናል። አጫጁ ግንዱን የሚይዘው ከታች፣ ቅጠሉ ረግፎ ባዶ በሆነበት በኩል ነው፤ ማጭዱን ወደ ራሱ ሲስብ ራሶቹ ከሰውነቱ ርቀው ይወድቃሉ። ክንዱ ላይ አሮጌ ጨርቅ ጠምጥሟል። እኔ ሁለት ግንድ አጨድኩና እጄን ስልስ ቀኑን ዋልኩ፤ እሱ መስመሩን ጨርሶ አንድም ጊዜ እጁን አላየም። የታጨደው በእበት በተለቀለቀ አውድማ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ በዱላ ይወቃል። አወቃቁ ኃይል አይደለም። ራሱ ክፍት ብሎ ፍሬውን እንዲለቅ በቂ ምት አለ፤ ከዚያ የበለጠ ምት እሾሁን ሰባብሮ ከፍሬው ጋር ያቀላቅለዋል፣ የተሰበረ እሾህ ደግሞ ከፍሬ ለመለየት ከድንጋይ ይብሳል። ከአንድ ራስ ከ15 እስከ 50 ፍሬ ይወጣል። ነፋስ ሲመጣ በላይዳ ወደ ላይ ይወረወራል፤ እብቁ ይሄዳል፣ ፍሬው ይወድቃል።

እጄ ላይ የያዝኩት ፍሬ ጥርስ ይመስላል፤ ነጭ፣ የሚያብረቀርቅ፣ አራት ማዕዘን ያለው፣ በአንድ በኩል ሾል ያለ። ያማረው ግን ገለፈቱ ነው። ከፍሬው ክብደት ከ35 እስከ 60 በመቶ የሚሆነው ይህ ጠንካራ ልባስ ነው፤ ምግብ የሚሆነው በውስጡ ያለው አስኳል ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ቅባታም ነገር ነው። ችግሬ ሁሉ እዚህ ላይ እንደነበር የገባኝ እማማ ሰፌዳቸውን ሲያነሡ ነው። ነጩ ፍትፍት የቀረበልኝ ቤት እመቤት ናቸው፤ ስማቸውን አልጽፍም፣ መንደሩ ሁሉ እማማ ይላቸዋል፣ እኔም እንደሱ አልኩ።

መጀመሪያ ይለቅማሉ። ጠጠር፣ የአፈር ጓል፣ ያልሞላ ፍሬ። ያልሞላውን የሚለዩት በዓይን አይደለም፤ ሰፌዱን አንዴ ወደ ላይ አድርገው ሲቀበሉት ባዶው ወደ ፊት ይሄዳል፣ ሙሉው ወደ ደረታቸው ይመለሳል። ከዚያ ያጥባሉ፣ በፀሐይ ያደርቃሉ፣ ምጣድ ይጥዳሉ። ቃሉ እዚህ ላይ ሥራውን ይናገራል፤ ለቆሎ ከሆነ ይቆላል፣ ለፍትፍት ከሆነ ግን ይታመሳል። እሳቱ ዝግ ያለ ነው። እጃቸው ምጣዱ ላይ አይቆምም፣ ሱፉም አንድ ቦታ ላይ አያርፍም። የሚጠብቁት ቀለም አይደለም፤ ቀለም ከመጣ አልፏል። የሚጠብቁት ድምፅ ነው። ፍሬው ምጣዱ ላይ ሲንከባለል መጀመሪያ ዝም ያለ ነው፣ ቀጥሎ እንደ ደረቅ አሸዋ ይንሿሿል፣ ከዚያ አንዱ ጠሽ ይላል። ሁለተኛው ጠሽ ሳይል ወርዷል።

ለምን እንደሆነ ሙቀጫው ላይ ታየኝ። በልኩ የታመሰ ገለፈት ይሰባበራል፣ አስኳሉ ግን ገና እርጥበት ስላለው ይጠፈጠፋል እንጂ አይደቅም። ያልታመሰው ገለፈት ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም፤ ያረረው ደግሞ አስኳሉና ገለፈቱ አብረው ዱቄት ይሆናሉ። እማማ ዘነዘናውን ከፍ አያደርጉም። አንድ ስንዝር ያነሡታል፣ ይለቁታል፣ በራሱ ክብደት ይወድቃል፤ እየወደቀ እጃቸው ትንሽ ያዞረዋል። ኃይላቸውን አይጨምሩበትም። ሃያ ያህል ጊዜ እንዲህ ካደረጉ በኋላ በሰፌድ ያበጥራሉ፣ ተመልሰው ይወቅጣሉ፣ እንደገና ያበጥራሉ። ሰፌዱ ላይ ሦስት እንቅስቃሴ አይቻለሁ። ወደ ላይ ማስፈንጠር ቀላሉን ያወጣል። ማንገዋለል ከባዱን መሃል ላይ ይሰበስባል። የመጨረሻዋ ግን ስም ያላት አልመሰለኝም፤ ሰፌዱን አዘንብለው በአውራ ጣታቸው ጠርዙን ሁለቴ ይመታሉ፣ ከአስኳሉ ጋር ተጣብቆ የቀረው ስስ ገለፈት ብቻ ተንሸራቶ ይወርዳል። ያቺን ሦስተኛዋን እኔ አልቻልኳትም። ብዙ አስኳል ለዶሮ አስበላሁ።

ከዚያ ወፍጮ ነው፤ የድንጋዩ። አስኳሉ ከመጅ ሥር ሲወጣ ዱቄት አይደለም፣ እንደ ቅቤ ተያይዞ ይወርዳል። ከሱፍ ፍሬ ክብደት ከ20 እስከ 45 በመቶው ዘይት ነው። ገበቴ ውስጥ ይገባና ለብ ያለ ውሃ ይጨመርበታል፤ ጥቂት፣ እፍኝ የማይሞላ። እማማ በጣታቸው ያሹታል። ሲነጣ ጥቂት ይጨምራሉ፣ ደግመው ያሹታል። እኔ በቤቴ አንድ ሊትር ውሃ በአንዴ ነበር የምገለብጥበት፤ ዘይቱ ከላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ ከሥሩ የደፈረሰ ውሃ። ጥቂት በጥቂት ሲሆን ግን ዘይቱ በአስኳሉ ፕሮቲን ተይዞ ውሃው ውስጥ ይበተናል፤ ወተት የሚመስለውም ወተት ስለሚሆን ነው፣ የላም ወተትም የሚነጣው በዚሁ ዓይነት መንገድ ነውና።

ማጥለሉ በሁለት በታጠፈ ሻሽ ነው። ሻሹን ሰብስበው ያዞሩታል፣ ነጩ ይወርዳል። እኔ የምጨምቀው እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ነበር፤ ጥቅም መስሎኝ። እማማ ግን ሻሹ ውስጥ ገና እርጥብ እያለ ያቆማሉ። ጥቂት ውሃ ጨምረው እንደገና ያሹታል፣ እንደገና ያጠሉታል፤ ያን ጊዜም እስከ መጨረሻው አይጨምቁም። የመጨረሻዋ ጠብታ ግራጫ ናት። ምሬቱ ያለው እሷ ውስጥ ነው።

ይህን ነገር የላቦራቶሪ ሰዎችም አግኝተውታል። ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ በሚቀረው የሱፍ ፋጉሎ ውስጥ ሊግናን የሚባሉ ውህዶች አሉ፤ አንዱ መራራ ነው፣ ሌላው ሆድ ያስቀምጣል። ዘመናዊው ኢንዱስትሪ ፋጉሎውን ለሰው ምግብ ለማድረግ የተቸገረው በዚህ ነው። እማማ ስለ ሊግናን የሰሙት ነገር የለም፤ ሻሹን የት ላይ ማቆም እንዳለባቸው ግን እናታቸው አሳይተዋቸዋል። የእኔ መፍጫ ጥፋት የለበትም። ገለፈቱን ከነአስኳሉ አድቅቄ፣ በወንፊት የማይያዝ ዱቄት አድርጌ፣ ከዚያ እስከ ደሙ ጨመቅሁት። አመድ መብላቴ የእጄ ዋጋ ነው።

የሱፍ ሥራ እጅግ የሚያስቀናኝ ለዚህ ነው። ሌላው እጅ ጥበብ የሚመሰገነው ባለው ነገር ነው፤ በጥለቱ፣ በቅርጹ፣ በቀለሙ። ሱፍ የሚመሰገነው በሌለው ነው። ገለፈት የለም፣ ምሬት የለም፣ እሾህ የለም፣ የእሳት ሽታ የለም። እንግዳ ሲበላው ምንም የተሠራ ነገር አይታየውም። ከዚህ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ በሐይቁ ዳር ባለው በደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1273 ዓ.ም. ገደማ ለገዳሙ ያስጻፉት ወንጌል አለ፤ ሰው የሚያደንቀው ሥዕሉንና ፊደሉን ነው። ከፊደሉ በፊት ግን ብራናውን የፋቀ ሰው ነበር፤ ጸጉሩንና ስቡን ያነሣ፣ የት ላይ ማቆም እንዳለበት ያወቀ። ትንሽ ቢጨምር ብራናው ይቀደዳል። እሱና እማማ ቢገናኙ ብዙ የሚያወሩት ይኖር ነበር ብዬ አስባለሁ።

ቀሪው ፈጣን ነው። ጨው፣ ደቃቅ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ዝንጅብል። እንጀራው ዋል ያለ ይሁን፤ ትኩስ እንጀራ ይቦካል። ተቆራርሶ ይጠበቃል፣ ሱፉ የሚፈስበት ግን ሰው እጁን ከታጠበ በኋላ ነው። ተፈትፍቶ የቆየ የሱፍ ፍትፍት ገንፎ ነው፣ ገንፎ የፈለገ ገንፎ ይሥራ።

ሱፍ ለጾም ብቻ የሚመስለው የከተማ ሰው ብዙ ነው። እውነት ነው፣ ሁዳዴ ሲገባ ስልጆ ያለ ሱፍ አይሆንም፤ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተገንፍቶ፣ ሲበርድ ሰናፍጭ ገብቶበት፣ ለቀናት ይቦካና አፍንጫ የሚሰነጥቅ ይሆናል። በግሸን ማርያምና በሐይቅ እስጢፋኖስ አገር ጾም ረጅም ነው፣ የሱፍ ወተትም የላሟን ቦታ ይይዛል። ነገር ግን ሐይቅ ዙሪያ ያለው ጎረቤት በአብዛኛው ሙስሊም ነው፣ ሱፉንም አብሮ ይዘራል፣ አብሮ ይበላል። ዱዓ ተደርጎ ቡና ሲፈላ የሚቀርበውን የገብስ ቆሎ ልብ ብላችሁ እዩት፤ በገብሱ መካከል ነጫጭ ሱፍ አለ። ገብሱ ለጥርስ ነው፣ ሱፉ ለጣዕም። እዚያ ላይ ገለፈቱን የሚያወልቀው የበላተኛው ጥርስ ነው፤ ወሎ ውስጥ አቦል፣ ቶናና በረካ እስኪጠጣ ጨዋታው ረጅም ስለሆነ ማንም አይቸኩልም።

የወሰን ሱፍ መስመሮች እየሳሱ እንደሆነ እማማ ነግረውኛል፤ የልጅ ልጆቻቸው ሙቀጫ አይወዱም፣ ገበያ ላይ ሱፍ ሲገዛም ሰው የሚያየው ዋጋውን እንጂ ፍሬውን አይደለም። እንግዲህ ሐይቅ ወይም ውጫሌ ገበያ ከወጣችሁ ሱፉን እፍኝ አድርጉና እዩት። ነጭና የሚያብረቀርቅ ይሁን፣ ግራጫ ነጠብጣብ አይኑርበት። አንድ ፍሬ በጥርሳችሁ ስበሩ፤ ሻጯ አትቆጣም፣ ሱፍ እንደምታውቁ ይገባታል። አስኳሉ ገለፈቱን ሞልቶ ከተገኘና ምላስ ላይ የቆየ ዘይት ካልሸተተ ግዙት። ቤት ስትገቡ ደግሞ መፍጫውን ከማንሣታችሁ በፊት ሙቀጫ ያለው ጎረቤት ጠይቁ።